ስለ እርስዎ የተጻፈውን ያንብቡ፦ በአሜሪካ ክሬዲት ሪፖርትን የመመርመር፣ የማረምና የማሻሻል መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ አፓርትመንት ሊከራዩ፣ መኪና በብድር ሊያወጡ ወይም ቤት ሊገዙ ሲሄዱ ከእርስዎ ቀድሞ የሚቀርብ ሰነድ አለ፦ ክሬዲት ሪፖርት። በብዙ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ ሳይቀር በከፊል በእሱ ይወሰናል። የሚያዘጋጁት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች፣ ማለትም የክሬዲት ቢሮዎች፣ ናቸው። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶችና ዕዳ ሰብሳቢዎች በየጊዜው የሚልኩላቸውን መረጃ በስምዎ ያጠራቅማሉ፤ ከዚያም ለአበዳሪ፣ ለአከራይና ለኢንሹራንስ ድርጅት ይሸጣሉ።

ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሰነድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ብድር ከተከለከሉ በኋላ ነው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆነው «ክሬዲት እናጸዳለን» ለሚል ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉም ብዙዎች ናቸው። ይህ መከፈል የሌለበት ገንዘብ ነው። ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የተባለው የ1970 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ሕግ ስህተትን የማሳረም መብት ለእርስዎ ሰጥቷል፤ አገልግሎቱም ነፃ ነው። የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ወረቀትና ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ያንብቡ፣ ቀጥሎ ያርሙ፣ ከዚያ ስኮርዎን (የክሬዲት ነጥብዎን) ያሳድጉ። የሌላ ሰው ዕዳ በተቀላቀለበት ፋይል ላይ ስኮር ለማሳደግ መልፋት ከንቱ ድካም ነውና ቅደም ተከተሉን አይለውጡ።

ደረጃ 1፦ ሦስቱንም ሪፖርቶች በነፃ ያውጡ

በፌዴራል ሕግ መሠረት የተቋቋመው የነፃ ሪፖርት ድረ ገጽ አንድ ነው፦ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም። ሦስቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ያለ ክፍተት አያይዘው ይጻፉ። በስልክ ለመጠየቅ 1-877-322-8228 ይደውሉ። ቀድሞ በነፃ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ሦስቱም ኩባንያዎች በየሳምንቱ በነፃ ማየትን ቋሚ አድርገውታል። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ድረ ገጽ የካርድ ቁጥር ከጠየቀዎት የተሳሳተ ቦታ ገብተዋልና ወዲያው ይውጡ።

ሦስቱንም ማውጣት ያስፈልጋል። አበዳሪዎች ለሁሉም ቢሮዎች የመላክ ግዴታ ስለሌለባቸው አንዱ ጋ ንጹሕ የሆነ ፋይል ሌላው ጋ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። የራስዎን ሪፖርት ማየት ስኮርዎን አይቀንስም። ድረ ገጹ ማንነትዎን ለማጣራት የቀድሞ አድራሻ ወይም የድሮ ብድር ሊጠይቅ ይችላል። መልስዎ ትክክል ሆኖ ሳለ ካልተቀበለዎት በስልክ ወይም በፖስታ ይጠይቁ፤ እንቅፋቱ ራሱ ፋይሉ ውስጥ ስምዎ ወይም የልደት ቀንዎ ተዛብቶ መመዝገቡን የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል። ያገኙትን ሪፖርት ያትሙ ወይም ቀኑን ጽፈው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በዚህ ሪፖርት ውስጥ ስኮር አይገኝም። ስኮር ከሪፖርቱ ተሰልቶ የሚወጣ ቁጥር ነው። ብዙዎቻችን በስልካችን የምናየው ክሬዲት ካርማ የተባለው መተግበሪያ ቁጥር ቫንቴጅ ስኮር በሚባለው ስሌት የሚወጣ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አበዳሪዎች የሚያዩት ግን ፋይኮ በተባለው ሌላ ስሌት የሚወጣውን ስኮር ነው። ስለዚህ ስልክዎ ላይ ያለው ቁጥርና ባንኩ የነገረዎት ቢለያዩ አይደንግጡ።

ደረጃ 2፦ ከስምዎ ጀምረው ያንብቡ

የመጀመሪያው ክፍል የግል መረጃ ነው፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ወደ ዕዳው ይሮጣል። ለእኛ ግን ትልቁ የስህተት ምንጭ እዚህ ነው።

የቢሮዎቹ ኮምፒውተር አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው በእነዚህ መረጃዎች መመሳሰል ነው። ስማችን ደግሞ የራስ ስምና የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ የለውም። በ«ላስት ኔም» ቦታ የአባት ወይም የአያት ስም ስለሚገባ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት «ዳንኤል ተስፋዬ»ዎች በአንድ ከተማ ሲኖሩ መለየቱ ያስቸግራል። በስደት የመጡ ብዙ ወገኖች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ መመዝገቡ መመሳሰሉን ያባብሰዋል። በ1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ልዩነት ምክንያት በአንድ ፎርም ላይ 1980፣ በሌላው ላይ 1987 ወይም 1988 ጽፎ ሊሆን ይችላል። «ወልደ ማርያም» አንዱ ባንክ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ተነጣጥሎ፣ ሦስተኛው ጋ ደግሞ «ማርያም» ብቻ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይመጣል። አንደኛው የተደባለቀ ፋይል ነው፤ የሌላ ሰው ዕዳ በእርስዎ ላይ ይጻፋል። ሁለተኛው ለሁለት የተከፈለ ፋይል ነው፤ የራስዎ መልካም ታሪክ ግማሹ በአንድ ስም፣ ግማሹ በሌላ ስም ተቀምጦ ለአበዳሪው ሙሉው አይታይም። ሶሻል ለሌለው ሰው ለግብር በሚሰጠው በአይቲን ቁጥር ካርድ አውጥተው ኋላ ሶሻል ያገኙ ሰዎችም ይህ ይደርስባቸዋል። ለባንካቸው አዲሱን ቁጥር ማሳወቅና ለሦስቱም ቢሮዎች ሁለቱ ፋይሎች እንዲዋሃዱ ጽፈው መጠየቅ አለባቸው።

የድሮ አድራሻዎና ራስዎ የተጠቀሙበት የቀድሞ አጻጻፍ ሪፖርቱ ላይ መኖሩ ችግር አይደለም። ችግሩ ኖረውበት የማያውቁት አድራሻ፣ የእርስዎ ያልሆነ ስም ወይም የሌላ ሰው ሶሻል መኖሩ ነው። እነዚህን በቀይ ያስምሩባቸው።

ደረጃ 3፦ ሂሳቦቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ

ቀጥሎ ያሉት ክፍሎች የክሬዲት ካርድና የብድር ሂሳቦች፣ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፉ ዕዳዎች ማለትም ኮሌክሽኖች፣ የኪሳራ ፍርድ እና ሪፖርትዎን ለማየት የጠየቁ ሰዎችና ድርጅቶች (ጠያቂዎች) ዝርዝር ናቸው። በእያንዳንዱ ሂሳብ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱ፦

• ሂሳቡ የእኔ ነው? የተከፈተበትን ቀን አውቀዋለሁ?
• የተመዘገበው የዕዳ መጠንና ሊሚት (የብድር ጣሪያ) ከስቴትመንቴ (ከወርሃዊ መግለጫዬ) ጋር ይስማማል?
• ዘግይቷል የተባለው ወር እውነት ዘግይቷል? አበዳሪዎች መዘግየትን የሚመዘግቡት ክፍያው 30 ቀን ካለፈው በኋላ ነው።
• ከፍዬ የጨረስኩት ዕዳ ዛሬም እንዳልተከፈለ ተጽፏል?
• አንድ ዕዳ በሁለት ሰብሳቢዎች ስም ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱም ጋ እንዳልተከፈለ ሆኖ ተመዝግቧል?
• መጀመሪያ ክፍያ የተቋረጠበት ቀን ትክክል ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው። የዘገየ ክፍያና ኮሌክሽን ሪፖርት ላይ የሚቆዩት 7 ዓመት ያህል ነው፤ ቻፕተር 7 የተባለው የኪሳራ ዓይነት 10 ዓመት ይቆያል። የኮሌክሽኑ ዕድሜ የሚቆጠረው ለዋናው አበዳሪ ሳይከፈል ከቀረበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ስለተሸጠ ቆጠራው እንደ አዲስ አይጀምርም። ሰብሳቢው ቀኑን አድሶ ከጻፈ ሕግ ጥሷል።

የሕክምና ዕዳን በተለይ ይዩ። ከ2022 እና 2023 ወዲህ ሦስቱ ቢሮዎች የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን፣ አንድ ዓመት ያልሞላውንና ከ500 ዶላር በታች የሆነውን በራሳቸው ውሳኔ ሪፖርት ላይ አያሰፍሩም። እንዲህ ያለ ዕዳ ካገኙ ይነሳ ብለው ይጠይቁ።

ጠያቂዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። እርስዎ ራስዎ ያዩበት ወይም ባንክ ማስታወቂያ ሊልክ ያየበት ጉዳት የለውም። ብድር ጠይቀው አበዳሪ ያየበት ግን «ሃርድ ኢንኳየሪ» ይባላል፤ ለ2 ዓመት ይታያል። ማመልከቻ ሳያስገቡ በስምዎ ሃርድ ኢንኳየሪ ካገኙ አንድ ሰው በመረጃዎ ሊበደር ሞክሮ ሊሆን ይችላልና ቸል አይበሉ።

ደረጃ 4፦ የእርማት ደብዳቤ ይጻፉ

ከማንበብ ወደ ማረም ሲሻገሩ ስህተቱን ከእውነቱ ይለዩ። እውነት የዘገዩበትን ወር «አልዘገየሁም» ብሎ መሟገት ዋጋ የለውም፤ ትክክለኛ መረጃ ጊዜው እስኪያልፍ ይቆያል። እውነተኛ ስህተትን ግን አንድም ሳይቀር ያንሱ።

እርማት በድረ ገጽም በስልክም መጠየቅ ይቻላል። ለከባድ ስህተት፣ በተለይ ለተደባለቀ ፋይል፣ ደብዳቤ ይሻላል፤ ማስረጃዎን ሁሉ ማያያዝ ይችላሉ፣ የጻፉትም በእጅዎ ይቀራል። ስህተቱ ለሚታይበት ለእያንዳንዱ ቢሮ ለየብቻ ይጻፉ። ደብዳቤው በቀላል እንግሊዝኛ፣ በአንድ ገጽ ይበቃል። የሚከተሉትን ይያዝ፦

1. ሙሉ ስም በመታወቂያዎ ላይ እንዳለው፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የሶሻል ቁጥር፣ የሪፖርቱ ቁጥርና ቀን።
2. የሂሳቡ ስምና ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የሂሳብ ቁጥር።
3. ስህተቱ ምን እንደሆነ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ለምሳሌ፦ «ይህ የመኪና ብድር የእኔ አይደለም። ስሜ ከሌላ ሰው ጋር ተመሳስሏል፤ እኔ በተጠቀሰው አድራሻ ኖሬ አላውቅም።»
4. የሚፈልጉት ውጤት፦ ይሰረዝልኝ፣ ወይም ወደዚህ ይስተካከልልኝ።
5. የአባሪዎች ዝርዝር፦ የመታወቂያ፣ የሶሻል ካርድ፣ አድራሻ የሚያሳይ ቢል እና የክፍያ ማስረጃ ቅጂ፤ እንዲሁም ስህተቱ የተከበበበት የሪፖርቱ ገጽ።

ዋናውን ሰነድ በጭራሽ አይላኩ፤ ቅጂ ብቻ ይላኩ። ፖስታ ቤት ሄደው በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ተቀባዩ መፈረሙን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቀው ይላኩት። መረጃውን ለላከው ባንክ ወይም ሰብሳቢም ተመሳሳይ ደብዳቤ ይጻፉ። ከምንጩ ካልታረመ ስህተቱ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የእንግሊዝኛው ነገር የሚያስቸግርዎት ከሆነ ልጅዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ይጻፍልዎት፤ ፊርማውና ውሳኔው ግን የእርስዎ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ቀኑን ቆጥረው ይከታተሉ

ቢሮው ጥያቄዎ ከደረሰው ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መጨረስ አለበት፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 45 ቀን ይራዘማል። ውጤቱን ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ይልክልዎታል። መረጃው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ካልተቻለ መሰረዝ ወይም መስተካከል አለበት። የተሰረዘ ነገር ተመልሶ ከገባም በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅዎት ይገደዳል።

መልሱ «ተረጋግጧል፣ አይለወጥም» ቢሆንስ? ተስፋ አይቁረጡ፤ ከዚህ በኋላም በርካታ መንገዶች አሉ፦

• ምርመራው እንዴት እንደተካሄደ እንዲገልጹልዎት ይጠይቁ፤ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው።
• አዲስ ማስረጃ ካገኙ ጨምረው እንደገና ይላኩ። ያንኑ ደብዳቤ ያለ አዲስ ማስረጃ መደጋገም ግን «ፍሬ ቢስ አቤቱታ» ተብሎ ውድቅ ሊያስደርግ ይችላል።
• ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ፣ ማለትም ለሲኤፍፒቢ፣ እና ለስቴትዎ አቃቤ ሕግ ቢሮ አቤት ይበሉ።
• የራስዎን ማብራሪያ እስከ 100 ቃል ጽፈው ፋይሉ ላይ እንዲያያዝ ይጠይቁ።
• ጉዳቱ ከባድ ከሆነ የሸማቾች ጉዳይ ጠበቃ ያማክሩ። ሕጉ ሸማቹ ሲያሸንፍ የጠበቃውን ክፍያ ተሸናፊው ኩባንያ እንዲከፍል ስለሚያዝ አንዳንድ ጠበቆች ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም። የመክሰሻው ጊዜ ስህተቱን ካወቁ ጀምሮ 2 ዓመት ነውና አያዘግዩ።

ብድር ወይም ቤት ከተከለከሉ ደግሞ ከልካዩ የትኛውን ቢሮ ሪፖርት እንዳየ ሊነግርዎት ይገባል። በደብዳቤ ከላከልዎት ደብዳቤው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይግባ፤ ምርመራውን ከየት እንደሚጀምሩ የሚያሳይዎት እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ሰብሳቢና ሌባ ሲገጥምዎት

ዕዳ ሰብሳቢ ከደወለ በስልክ አይመኑ፤ ዕዳው የእርስዎ መሆኑንም አይቀበሉ። የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልክ ይጠይቁ። ደብዳቤው ከደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳውን አልቀበልም፣ ማረጋገጫ አቅርብ» ብለው ከጻፉ፣ ማረጋገጫውን እስኪልክ መሰብሰቡን ማቆም አለበት። በጣም ላረጀ ዕዳ ትንሽ ገንዘብ መክፈል በአንዳንድ ስቴቶች የመክሰሻውን ጊዜ እንደ አዲስ ሊያስጀምር ስለሚችል ሳያጣሩ «ሃምሳ ዶላር እንኳ» ሲሉዎት አይክፈሉ። መክፈል ያለብዎት እውነተኛ ዕዳ ከሆነ ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይይዙ ገንዘብ አይላኩ።

በስምዎ ሌላ ሰው ካርድ ካወጣ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት ያድርጉ። ያንን ሪፖርትና መታወቂያዎን አያይዘው ሲልኩ ቢሮዎቹ በማጭበርበር የመጣውን ዕዳ በ4 የሥራ ቀናት ውስጥ ከፋይልዎ ማገድ አለባቸው።

ከመሰረቁ በፊት መከላከልም ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ኢኩዊፋክስ ላይ በደረሰው የመረጃ ስርቆት የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ወጥቷል፤ የእርስዎም በዚያ ሊኖር ይችላል። ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ ክሬዲትን መቆለፍ፣ ማለትም ፍሪዝ ማድረግ፣ በመላው አሜሪካ ነፃ ነው። ለሦስቱም ቢሮዎች ለየብቻ ይጠየቃል። በድረ ገጽ ወይም በስልክ ሲጠየቅ በአንድ የሥራ ቀን ይቆለፋል፣ ሲያስፈልግዎት በአንድ ሰዓት ይከፈታል፤ ስኮርንም አይቀንስም።

ደረጃ 7፦ አሁን ስኮርዎን ያሳድጉ

ፋይሉ ከጸዳ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ሁሉ ፍሬ ያፈራል። የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ክብደቱ እንዲህ ተከፋፍሏል፦ በጊዜ መክፈል 35 በመቶ፣ የዕዳ መጠን 30 በመቶ፣ የታሪክ ርዝመት 15 በመቶ፣ አዲስ ብድር 10 በመቶ፣ የብድር ዓይነት ስብጥር 10 በመቶ። ሁለቱ ዋናዎች ብቻ 65 በመቶ ናቸውና ጉልበትዎን እዚያ ያውሉ።

በጊዜ ለመክፈል በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ቢያንስ ሚኒመም ክፍያውን በአውቶ ፔይ ያስሩ፤ ቀሪውን በእጅዎ ይጨምሩ። አገር ቤት ለብዙ ሳምንታት ሲሄዱ ይህ በተለይ ያስፈልጋል።

የዕዳ መጠን የሚለካው ከሊሚትዎ ጋር ነው። የ1,000 ዶላር ካርድ ላይ 850 ዶላር ካለ 85 በመቶ ተጠቅመዋል፤ ይህ ስኮርን ይጎዳል። ከ30 በመቶ በታች ያድርጉት፣ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ የበለጠ ይረዳል። አብዛኞቹ ካርዶች ለቢሮዎቹ የሚልኩት ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን ያለውን ዕዳ ስለሆነ፣ የመክፈያውን ቀን ሳይጠብቁ ከዚያ ቀን በፊት ይክፈሉ። «ስኮር እንዲያድግ ትንሽ ዕዳ ማሳደር ያስፈልጋል» የሚባለው ውሸት ነው፤ የሚተርፍዎት ወለድ ብቻ ነው።

አዲስ ለመጣ ሰው ፋይኮ ስኮር እንዲወጣለት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ ሂሳብ ያስፈልጋል። አገር ቤት የነበረዎት የባንክ ታሪክ፣ ለዓመታት ሳያጓድሉ የጣሉት ዕቁብም እነዚህ ፋይሎች ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በማስያዣ የሚሰጥ ሴኪዩርድ ካርድ ያውጡ፤ 200 ወይም 300 ዶላር አስይዘው ለቤንዚን ወይም ለአስቤዛ ብቻ ይጠቀሙበት። ዕቁብ ሲደርስዎት ከፊሉን ለዚህ ማስያዣ ወይም ለካርድ ዕዳ ማዋል ብልህነት ነው። ክሬዲት ዩኒየኖች የሚሰጡት ክሬዲት ቢልደር ብድርም ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ የመጣ ባለቤትዎን ወይም ልጅዎን በቆየና በንጽሕና በተያዘ ካርድዎ ላይ ኦተራይዝድ ዩዘር (የተፈቀደለት ተጠቃሚ) አድርጎ መጨመር ታሪክ እንዲጀምሩ ይረዳል። ጋብቻ የሁለት ሰዎችን ሪፖርት አንድ እንደማያደርግም ያስታውሱ፤ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ታሪክ መገንባት አለባችሁ።

የመኪና ወይም የቤት ብድር ወለድ ሲያወዳድሩ ማመልከቻዎቹን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰብስበው ያስገቡ። የፋይኮ ስሌት ተቀራራቢ ቀናት ላይ የመጡ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። የቆየ ካርድዎንም ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው አይዝጉት።

ከእነዚህ ይጠንቀቁ

ክሬዲት እናስተካክላለን የሚሉ ድርጅቶች ሥራቸውን ሳይሠሩ አስቀድመው ገንዘብ እንዳይቀበሉ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ይከለክላቸዋል፤ የጽሑፍ ውል መስጠትና ደንበኛው በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን እንዲሰርዝ መፍቀድም ግዴታቸው ነው። እውነተኛ መረጃን የማስጠፋት ልዩ ኃይል የላቸውም። «በሶሻልህ ፋንታ የምትጠቀምበት አዲስ ቁጥር እንሰጥሃለን» የሚል ካጋጠመዎት ይሽሹ፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው፣ ምናልባትም የሕፃን፣ ሶሻል ነው። በብድር ማመልከቻ ላይ መጻፉ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ መዘዙ የከፋ ነው።

ሌላው ኮሳይን፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም፣ ነው። አገር ቤት ዋስ የሚፈለገው ተበዳሪው ሲጠፋ ነው። እዚህ ግን ለወንድምዎ መኪና በፈረሙበት ቀን ብድሩ እንደ ራስዎ ዕዳ ሪፖርትዎ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ እሱ የዘገየበት ወር የእርስዎ መዘግየት ሆኖ ይጻፋል፤ ነገ ቤት ልግዛ ሲሉም ያ ዕዳ ይቆጠርብዎታል። የሚረዱት ከሆነ ሂሳቡን ራስዎ በኢንተርኔት የሚያዩበትን መንገድ ያስከፍቱ፤ ወይም ከመፈረም ይልቅ አቅምዎ የፈቀደውን ገንዘብ ይስጡት።

የሥራ ዕቅድ

በዚህ ሳምንት ሦስቱን ሪፖርቶች ያውጡና ስህተቶቹን ያስምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤዎቹን በሰርቲፋይድ ሜይል ይላኩ፣ አውቶ ፔይ ያስሩ፣ ብድር የማይጠይቁበት ጊዜ ከሆነ ክሬዲትዎን ያስቆልፉ። ከ45 ቀን በኋላ ሪፖርቱን እንደገና አውጥተው ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ። ቤት ለመግዛት ካሰቡ ይህን ሁሉ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይጀምሩ፤ የቤት አበዳሪ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ ስኮሮች መካከለኛውን ስለሚወስድ አንድ ቢሮ ብቻ ማሳረም አይበቃም። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ማየት ይበቃል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወላጆችዎ ካሉም አብረው ቁጭ ብለው የእነሱንም ያውጡላቸው፤ ሪፖርታቸውን አይተው ስለማያውቁ በስማቸው የተጻፈ ስህተት ለዓመታት ሳይታረም ሊቆይ ይችላል።